መሬት ሲንቀጠቀጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ይሩጥ ወይስ ይቀመጥ?

አራተኛ ፎቅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ አጭር ናት፣ ማብራሪያዋ ግን ትረዝማለች፣ ታገሱኝ።

ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። በ2017 ከመስከረም እስከ የካቲት አዋሽ አጠገብ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ ሲናጥ እኛም እዚህ አብረን ስንናጥ እንደከረምን ታስታውሳላችሁ። መስከረም 26 እሁድ ምሽት የመጣው 4.9 ነበር አሉ። አምፖሉ ተወዛወዘ፣ የቡፌው ብርጭቆ ተንጫጫ፣ ከዚያ የብሎኩ ሰው በሙሉ በዚያች ጠባብ ደረጃ ተግተልትሎ ወረደ። አንዷ ጎረቤታችን በግፊያው ወድቃ እጇ ተሰበረ። መንቀጥቀጡ ምንም አላደረጋትም፣ ደረጃው ነው ጉድ የሠራት። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.8 ሲመጣም ያው ሩጫ፣ የካቲት 7 ማታ 6.0 ሲመጣም ያው ሩጫ።

እኔ አልወረድኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ያንን ደረጃ ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ይፈጅባታል፣ እሷን ትቼ ልጆቹን ይዤ ልሩጥ እንዴ? እሷ ደግሞ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ኖሬያለሁ" ትለኛለች፣ ይሄ ነው የባሰ የሚያናድደኝ።

ነገሩ ጋብ አለ ስንል ኅዳር 2018 ላይ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ አመዱ የመንን አልፎ ህንድ ደረሰ፣ ቲክቶኩም እንደገና ጦፈ። "በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት አዲስ አበባ በሬክተር ስኬል 7 ትመታለች" የሚል ቪዲዮ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በየቀኑ ይለጠፋል።

የምታውቁ መልሱልኝ። ይሄ ነገር አዲስ አበባን ያሰጋል ወይ? ሲመጣስ ልውረድ ወይስ ልቀመጥ? ቤት ውስጥ ምን ላዘጋጅ? እባካችሁ "ጸልዪ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፣ እሱንማ እያደረግኩ ነው።

ዝም አልልም፦

እህቴ ራስሽን አታስጨንቂ። አያቶቻችን ይሄን ሁሉ ዝግጅት መቼ አወቁት? መሬት ስትንቀጠቀጥ "እግዚኦ" ብለው አለፉ። ዕድሜ ከፈጣሪ ነው። ቲክቶክሽን ዝጊና ተኚ።

የጂኦፊዚክስ ተማሪ፦

ቲክቶኩን መዝጋቱ ላይ እስማማለሁ። የቀረው ላይ አልስማማም። የሰሜን ሸዋዋ የማጀቴ ከተማ ሰው አያቶቹን ቢጠይቅ ሌላ ይነግሩታል። በ1953 ዓ.ም የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳለ ነው ያፈረሳት። በ1961 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳ ሰው ሞቶባታል። በ1898፣ በምኒልክ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ላንጋኖ አካባቢ ከ6.5 ያላነሰ መንቀጥቀጥ ተነስቶ ከተማዋን ክፉኛ አናግቷታል። ያኔ አዲስ አበባ ፎቅ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረባትም። ዛሬ ያው ቢደገም ሒሳቡ ሌላ ነው።

ቀን ቆርጦ ስለሚናገረው ቪዲዮ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ መናገር የሚችል ሳይንቲስት በዓለም ላይ የለም። ጃፓንም አልቻለም፣ አሜሪካም አልቻለም። የሚቻለው የትኛው ቦታ ስጋት እንዳለበትና በግምት እስከ ምን መጠን ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ ነው። ቀን ከነሰዓቱ የነገረሽን ሰው እዚያው ብሎክ አድርጊው።

ፈንታሌ ላይ ምን ሆነ? ከሥር የቀለጠ አለት (ማግማ) መውጫ ፈልጎ በፈንታሌና በዶፈን መካከል መሬቱን እየሰነጠቀ ወደ ጎን ተጓዘ። ላዩ ላይ እሳተ ገሞራ ሆኖ አልወጣም፣ ዶፈን አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ነው የተፋው። ግን ከሥር ሲገፋ የመሬቱ ቅርፊት በየጊዜው ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ለዚህ ነው አንድ ትልቅ መጥቶ በማብቃት ፋንታ ትንንሹም መካከለኛውም ለወራት የተደራረበው። የሳተላይት ራዳር መሬቱ ስንት እንደተከፈተና ስንት እንደሰመጠ በግልጽ አሳይቷል። በ1998 መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የሆነው የዚሁ ዓይነት ነበር፣ እንዲያውም ይብሳል፦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተሰነጠቀ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ስምጥ ሸለቆው ፈንታሌ አካባቢ በአማካይ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው የሚሰፋው። አንዳንዴ ግን የዘመናት ዕዳውን በአንድ ጊዜ ይከፍላል።

አዲስ አበባ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ አይደለችም፣ ጠርዙ ላይ ናት። ፈንታሌ በምሥራቅ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃታል። ቁጥሩን ስትሰሚ ይሄን ያዢ፦ ከ5 ወደ 6 ሲሄድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። በዚህ ሒሳብ በፈረንጆች 2023 ቱርክን የመታው 7.8 ከየካቲቱ 6.0 ጋር ሲነጻጸር 500 እጥፍ አካባቢ ይሆናል። እና "ቱርክ እንደሆነችው እንሆናለን" የሚሉሽ ሰዎች አንድ ነገር ይረሳሉ። የመንቀጥቀጥ መጠን የሚወሰነው በአንድ ጊዜ በሚሰነጠቀው መስመር ርዝመት ነው፣ የቱርኩ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የተቀደደው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ስንጥቆች አጫጭርና የተቆራረጡ ናቸው። በታሪክ የተመዘገቡት ትልልቆቹም በ6 እና በ7 መካከል ናቸው።

ይሄን ስል ግን ተኚ ማለቴ አይደለም። 6.5 ቅርብ ቦታ ላይ ቢነሳ ደካማ ሕንጻ ለማፍረስ ይበቃል። አራተኛ ፎቅ ላይ ከምድር ቤቱ ይልቅ በደንብ የሚሰማሽም ሕንጻው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ስለሚወዛወዝ ነው። አፈሩም ለውጥ አለው፣ ወደ ቦሌና አቃቂ ያለው ወፍራም ጥቁር አፈር ንዝረቱን ያጎላዋል፣ አለት ላይ የተሠራ ቤት ያን ያህል አይናጥም።

ስታፋ፦

ሳይት ላይ ነው የምውለው፣ እኔ ስለ ሕንጻው ልናገር።

መሬት ሰው አይገድልም፣ ሕንጻ ነው የሚገድለው፣ ይሄን ሁሉም ይላል። እኛ ሳይት ላይ ግን የትኛው የሕንጻ ክፍል የሚለውን እናያለን። ኮለንና ቢም (ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ምሰሶ) የሚገናኙበት ቦታ ነው ነገሩ ያለው። እዚያ ጋ ስታፋው፣ ማለትም ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት፣ ተጠጋግቶ መታሰር አለበት፣ ሕንጻው ሲወዛወዝ ኮንክሪቱን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። ግን ፌሮ ሠራተኛው እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ማሰር ስለሚያሰለቸው አራርቆ ያስረዋል፣ ፎርማኑም ያልፈዋል፣ ነገ ኮንክሪት ይሞላበታል፣ ልስን ይለሰንበታል፣ ቀለም ይቀባበታል፣ ማን ያየዋል? ኮንክሪቱም ላይ እንዲለሰልስ ተብሎ ውኃ ይጨመርበታል። ኮድ አለን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍልም አለው፣ አዲስ አበባንም ስጋት ካለባቸው ቦታዎች ጋር መድቧታል። የጎደለው ኮድ አይደለም፣ ሳይት ላይ ቆሞ "ይሄን ፍታና እንደገና እሰር" የሚል ሰው ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ መጀመሪያ የሚጎዳው ብሎኬቱ ነው። በኮለኖቹ መካከል የተደረደረው ብሎኬት ሕንጻውን አይሸከምም፣ ፌሮም የለውም፣ ሲናጥ ይሰነጠቃል፣ ሲብስም ይወድቃል። ስለዚህ ጠንከር ባለ መንቀጥቀጥ ሕንጻሽ ቆሞም ሰው ሊጎዳ ይችላል፦ በብሎኬት፣ በመስታወት፣ በቡፌ፣ በቁም ሳጥን፣ በቴሌቪዥን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆንሽ አትሩጪ። የካቲት 7 የተሰማን ንዝረት ስንት ሰከንድ ቆየ? ደረጃው ጋ ሳትደርሺ ያልቃል። ደረጃ ራሱ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ቶሎ ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ ነው፣ ሰው ሲጋፋበት ደግሞ ያንቺ ጎረቤት የደረሰባት ይደርሳል። በረንዳም አትውጪ። ዝቅ በይ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ እግሩን ያዢ፣ እስኪያልቅ አትልቀቂ። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮትና ከቡፌ ርቀሽ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ዝቅ ብለሽ ጭንቅላትሽንና አንገትሽን በእጅሽ ሸፍኚ። ካበቃ በኋላ ጫማ አድርጊ፣ የሚነድ ካለ አጥፊ፣ የሲሊንደሩን ጋዝ ዝጊ፣ ብሬከሩን አውርጂ፣ ከዚያ ሳትጋፊ በደረጃ ውረጂ።

የአዋሽ ልጅ፦

ይቅርታ ግን ይሄ "አትሩጪ" የሚለው የአዲስ አበባ ሰው ምክር ነው። እኛ ያንን ሁሉ ወር በላዩ ላይ ቆመን አሳልፈነዋል፣ የሮጠ ነው የተረፈው።

እናንተ አምፖል ተወዛወዘ ስትሉ እኛ ጋ ግድግዳ ነበር የሚወድቀው። አስፋልቱ ተሰነጠቀ፣ ትምህርት ቤቱ ተሰነጠቀ፣ ሌሊት ሌሊት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ጠፋ። ልጆች በሰላም የሚያድሩት ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። መንግሥት ከአፋርም ከኦሮሚያም ወደ 80 ሺህ ሰው ከስጋት ቀጣናው ይነሳል ሲል ሰማን፣ ድንኳንም መጣ። ግን የአዋሽን ሙቀት የማያውቅ ሰው ላስቲክ ድንኳን ውስጥ ቀን መዋል ምን እንደሆነ አይገባውም። ከብት ያለው ሰው ደግሞ ከብቱን ትቶ የት ይሄዳል? "ለምን አይነሱም" እያሉ ከአዲስ አበባ ይጽፉ ነበር፣ ሳሩና ውኃው የት እንዳለ ሳይጠይቁ። የከሰም ግድብ ነገርም ነበረ፣ ቢሰነጠቅስ እያለ የታችኛው አገር ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነው የከረመው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። አፋሩ በሰሌን ቤቱ ውስጥ ከሁላችንም ይሻል ነበር። ይናጣል፣ አይወድቅም፣ ቢወድቅም አይገድልም። የፈራው ብሎኬት ቤት ያለን ሰዎች ነን። ወሬውም ከፌስቡክ ይልቅ በዳጉ ነበር የሚታመነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ይጠያየቃል፣ የት መሬት ተሰነጠቀ፣ የት ፍል ውኃ ጨመረ፣ የት እንፋሎት ወጣ፣ ማን አየው፣ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው ይባባላል። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ይዋረዳል። ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ይሄ ሕግ ቢኖር ግማሹ ፖስት በጠፋ ነበር።

ስታፋ፦

የአዋሹ ወንድሜ ትክክል ነው፣ ግን አልተቃረንም። ባለ አንድ ወለል ቤት፣ በተለይ ድንጋይ በጭቃ ተደርድሮ የተሠራ ወይም ፌሮ የሌለው ብሎኬት ቤት ከሆነ፣ በሩም ሁለት እርምጃ ላይ ካለ፣ ውጣ። ውጭው ሜዳ ከሆነ ማለት ነው። ጠባብ ሰፈር ውስጥ በአጥርና በግድግዳ መካከል ከሆነ የምትወጣው ግን አጥሩ ይወድቅብሃል። ፎቅ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ውጭ የሚባለው ደረጃው ነው፣ እሱን ነው አይሆንም ያልኩት። ቤትህን አይተህ አሁን፣ በሰላሙ ጊዜ ወስን። መሬቱ ሲናጥ የሚወስን ሰው የለም፣ ያኔ እግርህ ነው የሚወስንልህ።

ፌርፋክስ፦

ሎስ አንጀለስ ነው ያለሁት። እዚህ በፈረንጆች ኦክቶበር ሦስተኛው ሐሙስ በየዓመቱ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ለልምምድ በተመሳሳይ ሰዓት ጠረጴዛ ሥር ይገባል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፣ ኮት የለበሰ አለቃ በአራት እግሩ ሲዳህ። አሁን ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ "ዝቅ በል" ሲባል ከእኔ ትቀድማለች። ነገሩ ሁሉ እሱ ነው፣ ሰውነት ሳያስብ እንዲሠራው።

ስታፋ ያልነካው አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆች 1994 ኖርዝሪጅ ላይ 6.7 ሲመጣ አንድ አፓርታማ ታችኛው ወለሉ ተደርምሶ 16 ሰው ሞቷል። እዚህ ከተማ ታችኛው ወለላቸው ፓርኪንግ ወይም ሱቅ የሆነ፣ ላያቸው ግን በግድግዳ የተሞላ ሕንጻዎች ብዙ ናቸው። ታች ግድግዳ ስለሌለ ሲናጥ ኮለኑ ብቻውን ይቀራል፣ ይታጠፋል። ከ2015 ጀምሮ ከተማው የድሮ የእንጨት አፓርታማ ባለቤቶችን በግድ አጠንክሩ እያለ ነው። አዲስ አበባ ስመጣ የማየው ደግሞ ታችኛው ወለል ሙሉ በሙሉ ሱቅ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ከኋላ ግድግዳው ፈርሶ ተሰፍቷል። ኮንዶሚኒየም ላይም ሰው ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ ሲያፈርስ፣ አንዳንዱ ለቧንቧ ብሎ ኮለን ሲቦረቡር አይቻለሁ። ኮለን አይነካም፣ በቃ።

እናትሽን በተመለከተ እዚህ የሚያስተምሩን ይሄ ነው፦ ጉልበቱን የሚያመው ሰው መንበርከክ የለበትም። አልጋ ላይ ከሆነች እዚያው ትቆይ፣ ፊቷን አዙራ ትራሱን ጭንቅላቷና አንገቷ ላይ ታድርግ። ወንበር ላይ ከሆነች ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ጭንቅላቷን በክንዷ ትሸፍን። ያንቺ ሥራ ዛሬ ነው። አልጋዋን ከመስኮቱ አርቂው፣ ከራስጌዋ በላይ የተሰቀለ ከባድ ሥዕል ካለ ወደ ሌላ ግድግዳ አዛውሪው፣ ቁም ሳጥኑን ከኋላው በፊሸርና በቪት ግድግዳው ላይ አስይዢው። የአናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ከቀጣዩ መንቀጥቀጥ በፊት ብታስጨርሺው "እናንተ ሂዱ" የሚለውን ንግግር አትሰሚም።

ከሳውላ፦

እኔ ከጎፋ ነኝ፣ ስለ መንቀጥቀጥ ሳይሆን ስለ መሬት መንሸራተት ነው የምናገረው፣ ግን ይገናኛል።

ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አብዛኞቹ እንዴት እንደሞቱ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ መጀመሪያ ጥቂት ቤት ተቀበረ። ሰው እሪ ብሎ ተሰበሰበ፣ በአካፋም በእጁም መቆፈር ጀመረ፣ ያ ሁሉ ሰው እዚያው ቆሞ እያለ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ለእርዳታ የሄዱት ናቸው ያለቁት። እኛ ሀገር ጎረቤት ሲቀበር ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም፣ አይኖርምም። ግን አንድ ሰው ሽቅብ ተራራውን የሚያይ መመደብ አለበት፣ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሌላው እየተፈራረቀ የሚቆፍር። መንቀጥቀጥም ላይ ያው ነው፣ ከትልቁ በኋላ ተከታዮቹ ይመጣሉ፣ የተሰነጠቀ ሕንጻ ውስጥ ለዕቃ ብሎ ተመልሶ የሚገባ ሰው በሁለተኛው ነው የሚያዘው።

ተዳፋት ሥር የምትኖሩ ደግሞ ክረምት ላይ ዓይናችሁን ግለጡ። ከላይ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ ንጹሕ የነበረው ምንጭ ከደፈረሰ ወይም ወንዙ ዝናብ እየዘነበ ድንገት ከቀነሰ፣ ሌሊቱን እዚያ አትደሩ። ከብቱንም ይዛችሁ ውጡ። የድሬዳዋ ሰውም ስለ ደቻቱ ይነግራችኋል፣ በ1998 ክረምት ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ሌሊት መጥቶ ሰፈር ጠርጎ ሄደ።

የእድር ጸሐፊ፦

እስቲ እኔም ልግባ። ሁላችሁም ስለ ፈረንጅ ዝግጅት ታወራላችሁ፣ እኛ ሰፈር ውስጥ የተዘጋጀ ተቋም ተቀምጧል። እድር። ድንኳን አለን፣ አግዳሚ ወንበር አለን፣ ትልልቅ ድስትና በርሜል አለን፣ የእያንዳንዱ አባል ስም፣ ቤት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር መዝገብ ላይ አለን፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው የሚጠራ ለፋፊ አለን። ለሞተ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን። ለቆመ ሰው ለምን አንተክልም?

እኛ ከታኅሣሡ በኋላ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አነሳነው። ክርክር ነበረ፣ "እድር ለቀብር ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም" ያሉ አባቶች ነበሩ፣ ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው ያሉም አልጠፉም። በመጨረሻ ተስማማን። ኳስ ሜዳው መሰብሰቢያ ነው ተባለ፣ ሁሉም እዚያ ይመጣል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ያለም ሥራ ያለም እዚያ ይፈላለጋል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ስልክ መደወል ከንቱ ነው፣ አጭር መልእክት ይሻላል፣ የታወቀ ሜዳ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። መዝገቡ ላይ አንድ አምድ ጨመርን፣ ደረጃ መውረድ የማይችሉ አዛውንቶች፣ አልጋ ላይ ያሉ ሕሙማን፣ በቅርብ የወለዱ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጎረምሳ ተመደበ፣ ንዝረቱ ካበቃ በኋላ ገብተው በወንበር የሚያወርዱ። አንቺም ለእናትሽ ይሄን ጠይቂ፣ አንቺ ልጆቹን ስትይዢ እሳቸውን የሚይዝ ሰው ይኑር።

ስንቁን በተመለከተ ፈረንጁ የታሸገ ምግብ ይላል። እኛ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ እያለን! ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ቢያንስ ለሦስት ቀን ያዙ፣ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ ጀሪካኑ ድሮም ሞልቶ ተቀምጧል። ቦርሳው ውስጥ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፊሽካ፣ የዘወትር መድኃኒት፣ የመታወቂያና የቤት ካርታ ኮፒ፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ። ገንዘቡን አትርሱ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሞባይል ባንኪንጉ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። በር ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፉት፣ ለልጆቹ ደግሞ በቃል አስይዟቸው።

አራተኛ ፎቅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። እናቴ የእድሩን ሐሳብ ስትሰማ "ጎረምሳ በወንበር ሊያወርደኝ? እንደ ሙሽራ?" ብላ ሳቀች፣ ግን እምቢ አላለችም።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ከየካቲቱ በኋላ ሳሎን ግድግዳው ላይ ከጣሪያው ሥር ቀጭን አግድም ስንጥቅ ወጥቷል፣ መኝታ ቤት ደግሞ ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ የሚወርድ አለ። ያስፈራል? ሌላው፣ አክስቴ "በር መቃን ሥር ቁሚ" ትላለች፣ እውነት ነው?

ስታፋ፦

የበር መቃኑን ተዪው። ይሄ ምክር የመጣው ግድግዳው ፈርሶ የእንጨት መቃኑ ብቻ ቆሞ ከሚቀርባቸው የድሮ ጭቃ ቤቶች ነው። በኮንዶሚኒየም የበር መቃን ከሌላው ግድግዳ የተለየ ጥንካሬ የለውም፣ በሩ ራሱ እየተወዛወዘ ጣትሽን ይቆርጥሻል። ጠረጴዛው ይሻላል።

ስንጥቁን ሳላየው መፍረድ አልችልም፣ ግን እንዲህ ለዪው። ከጣሪያው ሥር ያለው አግድም ስንጥቅ ብሎኬቱና ቢሙ የሚገናኙበት መስመር ላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ልስኑ ነው የተላቀቀው፣ መንቀጥቀጥ ባይኖርም ይመጣል። ከመስኮት ጥግ ሰያፍ የሚወርደውም ብሎኬት ላይ እስከሆነ ድረስ ሕንጻውን አይጥልም፣ ግን እየሰፋ መሆኑን ተከታተዪ። ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ቀን ጻፊበት፣ በወሩ እዪው። ሳንቲም የሚያስገባ ስፋት ካለው፣ ወይም በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰያፍ ስንጥቅ ተሻግሮ የመስቀል ቅርጽ ከሠራ፣ ያ ግድግዳ ሥር አልጋ አይቀመጥም። ኮለን ወይም ቢም ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካየሽ፣ ወይም ኮንክሪቱ ተፈርፍሮ ፌሮው ከታየ፣ ለኮሚቴው ነግረሽ ኢንጂነር እስኪያየው ድረስ ብትወጪ ይሻላል። ልስን አስለስነሽ ቀለም አትቀቢበት፣ ብዙ ሰው ይሄን ነው የሚያደርገው፣ በሽታውን አልብሶ ማስቀመጥ።

ዝም አልልም፦

በሶው ላይ ተስማምቻለሁ። ሌላው ላይ እያሰብኩ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እኛ ብሎክ ጣሪያ ላይ ነዋሪው እየራሱ ሮቶ ሰቅሏል፣ እሱስ?

ስታፋ፦

ጥሩ ጠየቅክ። 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው። ያንን ሕንጻው ሲሠራ ማንም አላሰበውም፣ አንዱ ላይ አምስት ስድስት ሮቶ ሲደረደርበት ደግሞ አስበው። የቆመበት የላሜራ ወይም የብረት መቆሚያ ጣሪያው ላይ በብሎን ታስሮ ካልሆነ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ጠንካራ ንዝረት ነው የሚገለበጠው። ገመድ አያድነውም። ኮሚቴው ይሰብሰብና ቁጥሩን ቀንሱት፣ የቀሩትን ወደ ኮለኑ አናት አስጠግታችሁ ዝቅ ባለ መቆሚያ ላይ አድርጉና በብሎን አስይዟቸው። በብየዳ ሠራተኛ አንድ ቅዳሜ ያልቃል። ከመግቢያው በር በላይ ያለውን ሮቶ መጀመሪያ አንሱት።